ዛፍ በቅጠሉ ሲበላ

ሰኞ፣ የካቲት 10

…አባታችን መጥረቢያውን ካነሳ በኋላ ነው እናታችን የተናገረችው። ከዚያ በፊት አይደለም። ልብስ ከማጠብ ተነስታ የቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ነበር፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነበረ። አባታችን እጅጌውን ሰብስቦ ወይራውን ሊመታ መጥረቢያውን ከትከሻው በላይ አድርሷል። ያኔ አንድ ነገር አለችው። አጭር ነገር። አባታችን መጥረቢያውን አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ቤት ገባ። ምን እንዳለችው አላስታውስም። አረፋውን አስታውሳለሁ። የመጥረቢያው እጀታ በሽቦ የታሰረ መሆኑን እንኳ አስታውሳለሁ። ቃሉ ግን

አይመጣም። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልሼ እስኪመሽ ዛፎቹ ሥር ስለቆየሁ ነው ያሰብኩት።

ረጨሁ። በመጨረሻ የቅጠል ማዳበሪያውን ረጨሁ።

አባታችን ያልቆረጠው ወይራ አሁንም ከጓሮ በር ፊት ለፊት ቆሟል። የዱር ወይራ ነበር፣ የአገሩ ሰው ኤጀርሳ የሚለው። ከሰባት ዓመት በፊት ክንዶቹን ቆርጬ፣ ጉቶዎቹን ሰንጥቄ፣ ፍሬው የሚበላውን ወይራ ቅርንጫፍ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አጣበቅሁበት። ያዘ። ሌሎቹን ሁለቱን ወደ አጥሩ በኩል በችግኝ ተከልኩ። ሦስት ዛፎች። ሰባት ዓመት ቅጠል ብቻ። ነቀምቴ ለዚህ ዛፍ ብርዷ አይበቃም፣ ዝናቧ ይበዛል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ ግን ታኅሣሥና ጥር ጠዋት ጠዋት አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበረ፤ ያለፈው ሳምንት ከቅጠሎቹ ብብት ሥር ዳጉሳ የሚያክሉ እንቡጦች አየሁ። በሦስቱም ላይ። እንደ ልጅ ዘለልኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። እትዬ ዘነበች መነጽሯን አላደረገችም ነበር።

«ይሄ አበባ ነው? ይሄ ቅማል ነው።»

እሷን አልወቅስም። ቤቱም ጓሮውም ከወላጆቻችን ለሁለታችን የቀረ ነው፤ ጓሮው ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ከጀመረች ቆይታለች፤ በሐሳቧ ማለቴ ነው። እኔ ነኝ የያዝኳት። ዘንድሮ ቃል ተገባባን፦ የተከፈተ አበባ በዓይኗ ካየች ዛፎቹ ይኖራሉ። ካላየች ሁዳዴ በሚገባበት ሰኞ ይቆረጣሉ። ሲሬ ከሚኖር፣ ኦቦ ዲንሳ ከሚባል የሞተር መጋዝ ካለው ሰው ጋር ተነጋግራለች። የዛሬ ሳምንት ማለት ነው።

የቀላቀልኩት፦
ቦሮን፣ አበባው እንዳይረግፍና ፍሬ እንዲይዝ።
ዩሪያ፣ ትንሽ።
ፈሳሽ ሳሙና፣ ጠብታ። የወይራ ቅጠል ሰም አለው፣ ውሃ ያንሸራትታል።

ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ በተለይ የቅጠሉን ሆድ። እትዬ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣ አየችኝ።

«እኛ የምናውቀው ዛፍ በእግሩ ሲበላ ነው። ያንተው በቅጠሉ ነው?»

«በሁለቱም ይበላል።»

«እንግዲያ ሆዳም ነው በለኛ።»

መርጫው በጀርባ የሚታዘለው ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ እንጂ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ጥር ላይ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ወንዝ ዳር ላለው የበጋ ስንዴዋ ወስዳው ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ መልሳለች። ዛሬ ስከፍተው ከታች ትንሽ ውሃ ነበረበት። ደስ አለኝ። ለሚወስደው ሁሉ የምለው ነው፦ አጥባችሁ ስትመልሱ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ተዉበት፣ ጎማው እንዳይደርቅ። አንድ ሰው እንኳ ሰማኝ አልኩ። ላዩ ላይ ሞላሁበት። መጀመሪያ የጓሮ በሩን ዛፍ፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፤ እዚያው ላይ አለቀብኝና ደግሜ ቀላቀልኩ፤ በመጨረሻ የአጥሩን።

ጉንፋኑ አልለቀቀኝም። የአቧራው ወቅት ነው። አፍንጫዬ እንደ ድንጋይ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከመነጋቱ ወጥቼ አየሁ። ምንም። ምን ልታይ ነበር? ትናንት ማታ ጎርሰህ ዛሬ ጠዋት አትወፍርም።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አሲድና ቤዝ ሳስተምር ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። የት እንደደረስኩ ረሳሁ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ካርቦን ነው ያሉት» አለችኝ። ካርቦን ነበር።

ምሳ ሰዓት በባጃጅ መጥቼ አይቼ ተመለስኩ። ለዚህ ባጃጅ! ለእትዬ የረሳሁት ነገር አለ አልኳት።

አዴ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ነበረች። እሷ ባርሲሳ ትለኛለች፣ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«አካም ኦልቴ ባርሲሳ? ትናንት ዛፉን ስትረጭ አየሁ። ምን መድኃኒት ነው?»

«መድኃኒት አይደለም፣ አዴ። ምግብ ነው። ቢነካሽ እንኳ አይጎዳሽም።»

በኩራት ነው ያልኩት። ምግብ ነው። አሁን ስጽፈው ራሱ ይታየኛል፣ አገጬን ቀና አድርጌ።

ማታ ላይ በጓሮ በሩ ዛፍ ላይ አንድ ለጋ ቀንበጥ ወደ ታች ተቀልብሶ አየሁ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል። ሁለት ባልዲ አጠጣሁት። አንዷ ቀንበጥ ናት። አንዷን ቀንበጥ ምን አስፈራኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አንድ አይደለም። ሁሉም።

የጓሮ በሩ ዛፍ ለጋ ቀንበጦች እንደ ፍየል ቀንድ ተጠማዘዋል። ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል፣ አንገታቸው ተጣሟል። እንቡጦቹን በጣቴ ነካሁ፤ ረገፉ። መካከለኛው ዛፍ ላይ በአንድ ወገን ብቻ። የአጥሩ ዛፍ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ቦሮን በዛ? ቦሮን ሲበዛ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል እንጂ አያጠማዝዝም። ዩሪያ? እሱም ያቃጥላል። ብርድ? ብርድ ዛፍ አይመርጥም። ተባይ? በሁለት ቀን? እንደ ተማሪ ቆሜ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን አየሁ። መጀመሪያ የረጨሁት ክፉኛ ታሟል። ቀጥሎ የረጨሁት ግማሹ። መጨረሻ የረጨሁት ደህና ነው። ሕመሙ ከዛፍ ወደ ዛፍ አይደለም የሄደው። ከመርጫው ነው የወጣው።

ዕቃ ቤት ገብቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ጉንፋኑ ትንሽ ለቆኛል። አፍንጫዬን አስገባሁ። አወቅሁት። በእርሻ ወራት የግብርና ዕቃ ሱቆች በር ላይ የሚሸተው ሽታ ነው። ቱፎርዲ። የስንዴ አረም መግደያ። ሣር የሆነውን ስንዴ ይተዋል፣ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም እያጠማዘዘ ይገድላል። ወይራ ደግሞ፣ ለቱፎርዲ፣ አረም ነው።

ወደ አዴ ጫልቱ ሄድኩ። ምን ልል እንደምሄድ አላወቅሁም። ጥጃዋን እያሰረች ነበር። ስለ ስንዴው ጠየቅኳት። አምሮበታል አለች፣ አረሙ አልቆለታል። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «መርጫው ላይ የነበረው ምንድን ነው?» አልኩ።

ሳቀች። «አገኘኸው? ለአንተ ነው የተውኩልህ። የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት እመልሳለሁ? እሱን ያህል ዕቃ አውሰኸኝ! የአንተ ጓሮ ደግሞ አረም ሞልቶታል፣ ከአጥር ሆኜ አያለሁ። ለዘነበች ነግሬያት ነበር፣ ለባርሲሳ ትቼለታለሁ ብዬ። አልነገረችህም እንዴ?»

እዚህ አገር ሳህን ባዶውን አይመለስም። ዳቦ የመጣበት ሰፌድ ቢያንስ እፍኝ ቆሎ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያደግነው እኔም፣ እሷም። እሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። መርጫ ከሰፌድ በምን ይለያል?

«ነግራኛለች» አልኩ። እትዬ አንድ ቃል አልነገረችኝም።

«ጠቀመህ?»

«ገለቶማ፣ አዴ» አልኩ። አመሰግናለሁ። አመሰገንኳት!

ተመልሼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። መርዙ የደግነት ነው። ውሃ መስሎኝ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። የረሳችው እህቴ ናት። ለየትኛዋ ነው የምናገረው? ለአዴ ብነግራት ታፍራለች፣ ዕድሜ ልኳን ከእኔ ዕቃ አትዋስም። ለእትዬ ብነግራት፣ መጀመሪያ በአዴ ላይ ትጮሃለች፤ ቀጥሎ ራሷ እንደረሳች ታስታውሳለች፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። ማጠብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሳላጥብ የረጨሁ እኔ ነኝ። እዚሁ ላይ ቢቆም ይሻላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዛፎቹን አጠብኩ። በሳሙና ውሃ፣ በእጄ፣ ቅጠል በቅጠል። ጥቅም የለውም፣ በመጀመሪያው ሰዓት ቢሆን ነበር፤ አሁን ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። አውቃለሁ። ግን እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

እትዬ፦ «አበላሃቸው፣ አሁን ደግሞ ገላቸውን ታጥባለህ። ለጥቆ ልታስተኛቸው ነው?»

የተጠማዘዘውን አላየችም። መነጽሯን ካልፈለገች አታደርገውም። እግዚአብሔር ይስጣት።

መርጫውን ስምንት ጊዜ ይሁን ዘጠኝ አጠብኩት። በአመድ፣ በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ። ውሃውን ከዛፎቹ ርቄ ደፋሁ።

ከዚያ ከሰዓት በኋላ ያ ነገር መጣ።

አዴ ጫልቱ የወተት ቅሏን ይዛ በጓሮ በር ገባች። እሑድ ቅበላ ነው። እሷ የወንጌላውያን አማኝ ናት፣ ጾማችንን አትጾምም፤ ግን በየዓመቱ ቅበላ ዕለት ወተት ታመጣልናለች፣ ከነአረፋው፣ «ሁለት ወር ልትናፍቁት ነው» እያለች። ቅሏን የምታጥነው በእኛ ወይራ ነው። እናቴ በነበረችበት ጊዜም እንዲሁ ነበር። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ መጥታ ትቆርጣለች፣ ትሄዳለች።

እጇን ወደ ጓሮ በሩ ዛፍ ስትሰድ «ተዪው አዴ» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም።

እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«እንቡጥ ይዟል።»

«እኔ ደረቁን ነው የምወስደው። መቼ እርጥብ ቆርጬ አውቃለሁ?»

«ደረቅ የለም።»

ከሁለታችንም ፊት ለፊት አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት።

«ከአጥሩ ዛፍ ልውሰድ?»

«ሰሞኑን ባይነኩ ይሻላል። ሁሉም።»

ምን ልበል? የረጨሁበት መርዝ ነው ልበል? ምግብ ነው ብዬሽ ነበር፣ ውሸቴን ነው ልበል? ከየት መጣ ስትይ ምን ልመልስልሽ? ግን ያ ጭስ ቅሏ ውስጥ ይገባል፣ ከቅሉ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ወተቱን የልጅ ልጆቿ ይጠጣሉ፣ እኛም። የአጥሩ ዛፍም ቢሆን ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም።

«ኢሺ» አለች። ቅሏን ወደ ብብቷ መልሳ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው በወደድኩ።

ወይራ ከለከልኩ። በነቀምቴ፣ በጉቶ ጊዳ፣ በመላው ወለጋ ወይራ የከለከለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

እትዬ ሰምታለች። ከማን እንደሰማች አልጠየቅሁም፤ አጥር ጆሮ አለው። ቁርስ ላይ ጀመረች።

«ወይራ ከለከልካት?»

ዝም።

«ለጫልቱ? የደረቀ እንጨት ስብርባሪ?»

«ዛፎቹ ሰሞኑን—»

«ዛፎችህ ይንደዱ! መንገድ በተዘጋበት ጊዜ፣ ዱቄት ከየትም በማይገባበት ጊዜ፣ አንተ ደመወዝህን ሳታይ ስትቀር፣ በዚያ አጥር ላይ ማን ነው ሰሃን ያቀበለን? ከየት ናችሁ ብላ ጠየቀችን? የማን ልጆች ናችሁ አለችን? ሰሃኑን ስትሰጠኝ ግራ ቀኝ ታይ ነበር፣ ሰው እንዳያያት። እኔ ያየሁትን አንተ አላየህም።»

አይቻለሁ። በመስኮት አይቻለሁ። ግን አልተናገርኩም።

«ንፉግ አልነበርክም። ከመቼ ወዲህ ነው? ሦስት ዛፍ ሰው ያስረሳል?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። አንቺ ነሽ የረሳሽው። ትቼለታለሁ ብላሽ ነበር። አሥር ቃል አይሞላም። ዳቦውን አላምጬ አላምጬ ዋጥኩት።

ተነስታ ስትሄድ ጠራኋት። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ አላውቅም።

«እትዬ፣ አባባ ወይራውን ሊቆርጥ ሲል እማማ ምን አለችው?»

ቆማ አየችኝ። ቁጣዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው።

«አታስታውስም?»

«አላስታውስም።»

«እንዲያ ከሆነማ» አለች፣ ወጣች።

ጓሮ በሩ ዛፍ ላይ እንቡጥ አልቀረም። መካከለኛው ላይ በደህናው ወገን ጥቂት። አጥሩ ላይ ብዙ፣ ግን ዝግ። ኦቦ ዲንሳ ለእትዬ ደውሎ ሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ አረጋገጠ። የስልኩን ድምፅ በግድግዳ ሰማሁ። «ሁለት ሰዓት አካባቢ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ይህን ልመዝግብ። ደስታ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ የሠራሁትን ማንም አይሥራ።

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጉቴ ሄድኩ። ሐሳቤ ንጹሕ ነበር፦ ያልተረጨ ወይራ አምጥቼ ለአዴ እሰጣታለሁ፣ ቅሏን ታጥናለች፣ ነገሩ ይበርዳል። ገበያው ጫፍ ላይ እንጨት ከሚሸጡ ሴቶች መካከል አንዷ ወይራ ነበራት፣ የደረቀ፣ በልጥ የታሰረ። አሸተትኩት። ሴትዮዋ ለጓደኛዋ በኦሮምኛ «ሰውዬው እንጨት ገዝቶ ያሸታል» ብላት ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስመለስ እሥሩን ይዤ በቀጥታ እሷ ቤት።

«አዴ፣ ወይራ አምጥቼልሻለሁ።»

አየችው። የታሰረበትን ልጥ አየች። ከእኛ ግቢ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት።

«ከየት ነው?»

«ከጉቴ።»

«ገዝተህ?»

«አዎ።»

እጇን አልዘረጋችም። «ባርሲሳ፣ እኔ ገበያ የማላውቅ መሰለህ? ወይራ አጥቼ ነው ወዳንተ የመጣሁት? ለእንግዳ ነው የሚገዛ። ከአጥርህ ማዶ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ጉቴ ድረስ ሄድክ። ከዛፍህ እንዳልነካ ይህን ያህል መንገድ ሄድክ።»

«እንደሱ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ጠየቀችኝ። በቀጥታ። ዓይኔን እያየች፣ ልትሰማ ተዘጋጅታ። በሩ ክፍት ነበር፣ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። ስንዴዋ ትዝ አለኝ፤ አረሙ አልቆለታል ስትል የሳቀችው። ለአንተ ነው የተውኩልህ ስትል። ያቺን ደስታ በእጄ ይዤ አፈር ላይ ልጥላት?

«ወደፊት እነግርሻለሁ» አልኩ።

እሥሩን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ማታ በአጥሩ ሳይ እዚያው ነበር። አልነካችውም። ላሟ ቅርፊቱን ትልስ ነበር።

የሚያስጨንቁኝ፦
ኦቦ ዲንሳ።
የአጥሩ ዛፍ እንቡጥ ለምን አይከፈትም።
የተጠማዘዘው ዛፍ ሥሩ ድረስ ይሞታል ወይስ የዱሩ ወይራ ከታች እንደገና ያቆጠቁጣል።
አዴ።
እማማ ያለችው ነገር።

እሑድ፣ የካቲት 16፣ ቅበላ

ወተት አልመጣም።

እትዬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የወተቱን ጆግ አጥባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር፣ እንደ ልማዷ። እስከ ምሳ ቆየ። አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ዶሮው ጨው አንሶት ይሁን እኔ ጣዕም ጠፍቶብኝ፣ አላወቅሁም። ሁለት ሰዎች፣ የቅበላ ገበታ፣ የማንኪያ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። ለመሰናበት ነበር፤ ካልዋሸሁ። የአጥሩ ዛፍ ጋ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቅርንጫፍ፣ ከታች

ተከፍቷል።

አንድ ዘለላ። ነጭ፣ ከጥፍር የሚያንስ፣ አራት ቅጠል። መሐሉ ላይ ቢጫ ብናኝ። ተንበርክኬ ነበር፣ ሱሪዬ አፈር ሆኗል።

«እትዬ! መነጽርሽን ይዘሽ ነይ!»

መጣች። መነጽሯን በነጠላዋ ጠርጋ አደረገች። ጎንበስ አለች። ብዙ ጊዜ አየች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ለዚህ?» አለች፤ ግን ሳቋ መጣ፣ አፏን በእጇ ሸፈነች። «ቅማሉ አደገ በለኛ።»

ደስታዬ ከዚያች ደቂቃ አላለፈም። መነጽሩ ዓይኗ ላይ ነበር። ቀና ስትል ወደ ጓሮ በሩ ዛፍ አየች። እየሄደች ቀረበችው። የተጠማዘዘውን ቀንበጥ በጣቷ ይዛ አዞረችው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«መርጫውን ሳላጥብ ረጨሁበት።»

«ምን ነበረበት?»

«የስንዴ መድኃኒት።»

አልጠቀስኩም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ግን ሳስበው የነበረው ሁሉ ፊቷ ላይ በየተራ ሲያልፍ አየሁ። መጀመሪያ ቁጣው መጣ፣ ወደ አጥሩ ዞረች፣ አፏ ተከፈተ። ከዚያ ተዘጋ። መነጽሯን አወለቀች።

«ንገሪው ብላኝ ነበር» አለች። በጣም ቀስ ብላ። «እዚህ ጋ ቆማ። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እሺ አልኳት።»

መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ከረቡዕ ጀምሮ።»

«ዓርብ እንደዚያ ስሰድብህ?»

«አዎ።»

«ወይራውንም የከለከልካት ለዚሁ ነው። ለወተቱ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ነገር ልትለኝ ፈለገች፤ እጇ ወደ ትከሻዬ መጣ፣ ሳይደርስ ተመለሰ። ወደ ቤት ገባች። ማታ የክፍሏ መብራት ሲበራ፣ ሲጠፋ፣ ደግሞ ሲበራ አየሁ።

አበባውን አይታለች። ቃላችን ያ ነበር። ግን ለኦቦ ዲንሳ አልደወለችም። ደውዪ ማለት አልቻልኩም። ዛሬ ከእሷ አንድም ነገር መጠየቅ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም፣ አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ውሸት አይመስለኝም።

እትዬ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ወጥታለች። ቅዳሴ የሄደች መሰለኝ። ነጠላዋ ግን ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ያለ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም።

ኦቦ ዲንሳ ደወለ፤ መናኸሪያ ደርሷል፣ ባጃጅ እየያዘ ነው። እትዬ ትታው በሄደችው ስልክ ነው፤ እኔ አነሳሁት። «ኑ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አበቦቹ ሦስት ዘለላ ሆነዋል። ሌሊቱን ተከፍተው አደሩ። አንዲት ንብ ነበረች። አንዲት ብቻ፣ ግን ነበረች። የጓሮ በሩን ዛፍ ግንድ በጥፍሬ ፋቅሁት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው። ይህ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል።

ባጃጁ በር ላይ ቆመ። ኦቦ ዲንሳ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው፤ መጋዙን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። ሰላምታው ረዥም ነበር፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ዛፎቹን ዞሮ አያቸው። ጓሮ በሩ ጋ ቆሞ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ኤጀርሳ ነው ከሥሩ። እንዲህ ዓይነቱ መጋዝ ያደክማል። ከየትኛው ልጀምር?»

«እህቴ ትምጣ።»

«እሷ አይደለችም?»

ዞርኩ። ሁለቱ በጓሮ በር እየገቡ ነበር። እትዬ ከፊት፣ አዴ ጫልቱ ከኋላ። የእትዬ ዓይን ቀልቷል። የአዴን ፊት ማንበብ አልቻልኩም። የወተት ቅሏን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች፣ አፉ ተከድኗል። ዛሬ ጾም ነው፣ ታውቃለች። ሙሉ ይሁን ባዶ ከአያያዟ መለየት አልቻልኩም።

«አካም ቡልታን፣ አዴ» አልኩ።

በአጠገቤ አልፋ ወደ ተጠማዘዘው ዛፍ ሄደች። አንዱን ቀንበጥ ያዘች፤ አልቆረጠችውም፤ እንደ ታመመ ልጅ ጣት ያዘችው፣ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ መጋዙ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ባር—» ብላ ጀመረች።

«ነይ፣ ውስጥ» አለቻት እትዬ። ክንዷን ይዛ ነው የመራቻት። ኦቦ ዲንሳ ኮፍያውን አንስቶ «ዘነበች፣ ልጀምር ወይስ?» አለ። እትዬ የቤቱ ደፍ ላይ ቆመች። ያኔ እናታችን የቆመችበት ቦታ ነው፣ እጇም እንደዚያው ተንጠልጥሏል። ወደ ዛፉ አየች፣ ወደ እሱ አየች፣ አፏን ከፈተች። አጭር ነገር ተናገረች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ፣ ወይስ ከኋላዋ ለቆመችው፤ የባጃጁ ሞተር እየተነሳ ነበር፣ አልሰማሁትም።

ኦቦ ዲንሳ እኔን አየኝ። እኔ እሱን አየሁት። መጋዙን አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

የቤቱ በር ከሁለቱ ሴቶች ኋላ ተዘጋ።